ቅቤ የተቀባው ጎማ

እኛ መርሳ ከተማ ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ የሚጥላት አንዲት የጎማ አባባል አለች። ባሏ ከአልጋ አልነሳ ያላት ሴት ትላታለች፤ ሥራ ፈት ወንድሙ የመረረውም ይላታል። ጎሚስታ ነኝና ደጄ ላይ ሳልሰማት የዋልኩበት ቀን የለም። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ስትወለድ ስድብ አልነበረችም።

ሙሄ የሞተር ሳይክል ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። እናቱ እማማ ጦይባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አይለዩም ነበር። ሞራ የሚያነሱ ሐኪሞች ወልድያ መጥተዋል ተባለ። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ሊሄዱ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። የሙሄ የኋላ ጎማ ደግሞ አልቆ ክሩ ወጥቷል።

ነጋዴው ጋሽ አራጋው ከቆርቆሮው ሥር፣ ቆጥ ላይ ያስቀመጡት ጎማ ነበራቸው። ስንት በጋ እዚያ እንደ ተጠበሰ እሳቸውም አያስታውሱም። «መሬት ነክቶ አያውቅም፤ ሙሽራ ነው» አሉት። ሙሄ ለአረፋ ያደለበውን ሙክት ሰጥቶ ወሰደው።

ጎማው እንደ ከረመ ጠፍር ደርቆ ነበር። ሙሄም ለጠፍር የሚደረገውን አደረገለት፤ ቅቤ ቀባው። እኔ ዘንድ ሲያመጣው ያብረቀርቃል።

«ሙሄ፣ ይሄ ጎማ ደርቋል። ጠምዘዝ ሳደርገው ስንጥቁ ይታያል» አልኩት።

«ጥርሱን እየው እንጂ! ምኑም አልተነካ።»

«ጥርሱን ተወው። ቅቤ ደግሞ ለቆዳ ነው፤ ጎማን ያበላሸዋል። እማማን በሚኒባስ ውሰዳቸው።»

«መኪና ያስታውካታል። ደግሞ ሞተር እያለኝ!»

ለማይሰማ ሰው መናገር ድንጋይ ከመሸከም ይብሳል። የጎማ ማውለቂያ ብረቱን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ገጠመው። እማማ ጦይባ ነጠላቸውን አጥብቀው ከኋላው ወጡ። «የልጅ ልጄን መልክ ልይ እንጂ፣ ሌላ ምን ቀረኝ» እያሉ ሄዱ።

ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሙሄ ጉልበቱ ተላጠ፤ የእናቱ ክንድ ግን ተሰበረ። ያነሳቸው አይሱዙ ወደ መርሳ የሚመጣ ነበርና እኔው ደጅ አወረዳቸው። ወጌሻ ተጠርቶ ክንዳቸውን እስኪያስር ቀኑ አለቀ። ሐኪሞቹም ሄዱ።

ሙሄ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።  እማማ ጦይባ ጎማውን አምጡልኝ አሉ። በደህናው እጃቸው ዳበሱት፤ ጣታቸው ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

«ስንት አገር ዞሮ ነው እንዲህ የተተረተረው?»

«የትም አልሄደም፣ እማማ። ቆጥ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው» አልኳቸው።

 እማማ ጦይባ ጎማውን ከጭናቸው ላይ ገፋ አድርገው ግድግዳዬን ተደገፉ።

«እኔስ ውኃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ እናንተን ሳሳድግ ነው ያረጀሁት» አሉ። «አይ ልጄ፣ ሰው ሮጦ ያረጃል፣ ጎማ ተኝቶ።»