ሽምብራ ከአልጋ ስር አልወጣ ስትል

«ሽምብራ፣ ነይ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው።

አልመጣችም። ከአልጋው ስር፣ ከጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ብቻ አዩአቸው። ነጭ ውሻ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡኒ ነው፤ ቁመቷ ከቦቲ ጫማ አይበልጥም። አልጋው የእትዬ ስንዱ ነው። እትዬ ስንዱ አሰላን ለቀው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ሦስት ቀናቸው። የልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሻ አይፈቀድም። ሽምብራም ከአልጋው ስር ከገባች ሦስት ቀኗ። ከውሃ በቀር የቀመሰችው ነገር የለም።

እትዬ ስንዱ መኪና ውስጥ ሆነው እንዲህ ብለው ነበር፦ «ዘሯ ቴሪየር የሚባል አዳኝ ነው፤ ትንሽ ናት ብለው እንዳይንቋት። ይቺ የምትታመመው ሥራ ያጣች ቀን ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እደውላለሁ፤ ከአልጋው ስር ወጥታ በልታለች ይበሉኝ።»

ጋሽ ወርዶፋ የእትዬ ስንዱን ግቢ በር ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። «እሺ» አሉ። ውሻ ደግሞ ምን ሥራ አላት? ብለው ግን በሆዳቸው ሳቁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወተት አቀረቡላት፤ አልወጣችም። እንጀራ በወጥ አቀረቡላት፤ አልወጣችም። «ቅልጥም ለምዳ ይሆናል» አሉና ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ።

«ጉልላት፣ አንድ ቅልጥም» አሉ ልኳንዳ ቤት ደርሰው።

«ሙሉውን ልስጥዎት? ቅልጥሙ ከውሻዋ ይበልጣል እኮ!» አለ ባለልኳንዳው ጉልላት። «እንዳልፈልጠው ደግሞ ይዩት፤ ይሄ መጥረቢያ ነው ማንኪያ? ያሳሉልኝና ከነመቅኒው ይውሰዱ።»

መጥረቢያው ካልተሳለ ቅልጥሙ አይፈለጥም፤ ቅልጥሙ ካልተፈለጠ ሽምብራ አትወጣም። ጋሽ ወርዶፋ መጥረቢያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ቢላ የሚስለው ሙዘይን መሳያ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ ነው የሚያዞረው። ዛሬ ድንጋዩ ቆሟል፤ ሙዘይንም አጠገቡ ተዘርግቷል።

«ሙዘይን፣ መጥረቢያ።»

«ተዉኝ አባባ! እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። የወይዘሮ ጠጂቱን በሶ ሳልበጠብጥ አንድ ዙር አልረግጥም። ሄደው በሶው የታለ ይበሉልኝ።»

በሶው ካልመጣ ድንጋዩ አይዞርም፤ ድንጋዩ ካልዞረ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ ቅልጥሙ አይፈለጥም፤ ቅልጥሙ ካልተፈለጠ ሽምብራ አትወጣም። ጋሽ ወርዶፋ መጥረቢያውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውረው ሄዱ።

«ውይ ጋሽ ወርዶፋ፣ ከየት አምጥቼ!» አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ። «ገብሱ ተቆልቶ ተቀምጧል። ያልተፈጨ ገብስ ምኑ በሶ ነው? ቆሎ ነው!»

«ቆሎ ይብላ።»

«ሙዘይን? በየትኛው ጥርሱ!» ወይዘሮ ጠጂቱ ሳቁና በከረጢት የተቋጠረ ገብስ አሸከሟቸው። «ወፍጮው ከረቡዕ ጀምሮ ቆሟል። እርስዎን ካፈረ ይፈጭልኝ ይሆናል።»

ገብሱ ካልተፈጨ በሶው አይመጣም፤ በሶው ካልመጣ ድንጋዩ አይዞርም፤ ድንጋዩ ካልዞረ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ ቅልጥሙ አይፈለጥም፤ ቅልጥሙ ካልተፈለጠ ሽምብራ አትወጣም።

መንገድ ላይ የአዲስ አበባው ሚኒባስ አለፋቸው። ጋሽ ወርዶፋ ቆመው እስኪጠፋ ድረስ አዩት። እትዬ ስንዱ ጠዋት ጠዋት «ጸሐይ ወጣች፣ ወንበሬን» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ወንበሩን አውጥተው በረንዳው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሦስት ቀን የሚላቸው የለም። ወንበሩን ግን ሦስቱንም ቀን አውጥተውታል። እጃቸው ለምዶ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ባለወፍጮው ደቻሳ በሩ ላይ ተቀምጦ አገጩን ይዟል።

«ወፍጮው?»

«ምን ወፍጮ አለ ጋሼ! ወፍጮውን የሚያዞረውን የጎማ ቺንጋ አይጥ በላብኝ። ቀየርኩ፤ እሱንም በላ። ቀለብ የቆረጥኩለት ነው እኮ የሚመስለው!»

«ድመትህስ?»

«ያቻት ጣሪያው ላይ! አይጡን አንዴ አይታው ወጣች፣ እስካሁን አልወረደችም።» ደቻሳ የተጎረደ የቺንጋ ቁራጭ አንስቶ ሰጣቸው። «ጥርሱን ይዩት እስቲ። ሌላ ቺንጋ አለኝ፤ ያ አይጥ እያለ ግን አልገጥመውም።»

አይጡ ካልተያዘ ቺንጋው አይገጠምም፤ ቺንጋው ካልተገጠመ ወፍጮው አይነሳም፤ ወፍጮው ካልተነሳ ገብሱ አይፈጭም፤ ገብሱ ካልተፈጨ በሶው አይመጣም፤ በሶው ካልመጣ ድንጋዩ አይዞርም፤ ድንጋዩ ካልዞረ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ ቅልጥሙ አይፈለጥም፤ ቅልጥሙ ካልተፈለጠ ሽምብራ አትወጣም።

ጋሽ ወርዶፋ ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ቁራጩን ኮታቸው ኪስ ከተቱና መጥረቢያውንም ገብሱንም ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸው ቋ አለ።

«አልሆነም፣ ሽምብራ» አሉ። ወደ አልጋው ስር ጎንበስ ብለው ደግሞ፣ «እኔንም እትዬ ናፍቀውኛል» አሉ።

ከአልጋው ስር አንድ ነገር ሰሙ። ፍን፣ ፍን፣ ፍን። መጀመሪያ ጥቁር አፍንጫ ወጣ። ከዚያ ነጭ አፍ። ከዚያ ቡኒው ጆሮ። ሽምብራ እሳቸውን አላየችም፤ አፍንጫዋን ኪሳቸው ውስጥ ከተተች፣ የቺንጋውን ቁራጭ ጎትታ አወጣች፣ አሸተተችው፣ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ወርዶፋ እትዬ ስንዱ መኪናው ውስጥ ሆነው ያሉት ትዝ አላቸው። ሥራ ያጣች ቀን።

«አይጥ?» አሏት ቀስ ብለው።

በሩን ቀድማቸው ወጣች።

«ይቺ ናት አዳኟ?» አለ ደቻሳ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ በሰው ውሻ አይቀልዱ! አይጡ መክሰስ ያደርጋታል!»

ጋሽ ወርዶፋ መንገዱን ለቀቁላት። ሽምብራ በጆንያዎቹ መሃል ገባች። ቆፈረች። አፈሩ ደቻሳ ፊት ላይ ተረጨ። ጭራዋ ብቻ ይታይ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም። እየጎተተች ወጣችና አይጡን ጋሽ ወርዶፋ ጫማ ፊት አስቀመጠችው። ቀና ብላ አየቻቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ዓይናቸውን ስታይ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

ደቻሳ ሳቁን ዋጠ። ድመቷም ከጣሪያው ወረደች።

አይጡ ተያዘ፣ ቺንጋው ተገጠመ፤ ቺንጋው ተገጠመ፣ ወፍጮው ተነሳ፤ ወፍጮው ተነሳ፣ ገብሱ ተፈጨ፤ ገብሱ ተፈጨ፣ በሶው መጣ፤ በሶው መጣ፣ ሙዘይን ተነሳ፤ ሙዘይን ተነሳ፣ ድንጋዩ ዞረ፤ ድንጋዩ ዞረ፣ መጥረቢያው ተሳለ፤ መጥረቢያው ተሳለ፣ ቅልጥሙ ተፈለጠ። ሽምብራ ግን ማንንም ሳትጠብቅ ወጥታለች፤ ከጋሽ ወርዶፋ ኋላ ኋላ ቱስ ቱስ እያለች ከተማውን ዞረችው።

ጸሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተኝታ ቅልጥሟን ጋጠች። መቅኒውን ልሳ ልሳ ጨረሰች። ሁለተኛውን ፍላጭ ግን አልነካችውም። በአፏ ይዛ ሄዳ ከባዶው ወንበር ስር አስቀመጠችውና ተመልሳ መጣች። ጋሽ ወርዶፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ወጣች?»

«ወጣች።»

«በላች?»

«በላች። ግማሹን ከወንበርዎ ስር አስቀምጣልዎታለች።»



«ወንበሬን አሁንም ያወጡታል እንዴ?»

«አወጣዋለሁ።»

ሽምብራ የእትዬ ስንዱን ድምፅ ለየችው። ተነስታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ደቀነች፤ አንዴ ጮኸች፤ ከዚያ ጋሽ ወርዶፋ ጉልበት ላይ አገጯን አሳረፈች። ጋሽ ወርዶፋ ራሷን ደባበሷት።

«ስልኩን እንዳይዘጉት፣ ጋሽ ወርዶፋ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ባትናገሩም ግድ የለም፤ ሁለታችሁም እዚያው ቁጭ በሉልኝ።»