የዘበኛው ወንበር

ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እርግጠኛ አይደለሁም። ቦታው ግን የደም ሥር ክሊኒክ ነበር። አንድ ዘበኛ ታክሞ ሲወጣ አለቃውን ወይዘሮ ትርሲትን ተራ ሲጠብቁ አገኛቸው። የሁለቱም እግር ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ዶክተሩ የሰጠውን ወረቀት አቀረበላቸው። «ታካሚው ሥራውን ተቀምጦ ይሥራ» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ ወንበር ሲለምን፣ «ዘበኛ ከተቀመጠ ይተኛል» እያሉ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። አሁንም እንቢ ካሉት እግሩ ስለማይችል ሥራውን መልቀቁ ነው።

ወይዘሮ ትርሲት አንብበው ሳቁ።

«ስማ አንተ! እኔ ጠዋት ቢሮ ከገባሁ እስከ ማታ ከወንበሬ አልነሳም። ይኸው ወጣብኝ አይደል? በሽታው የሚመጣው ከመቆም ከሆነ እኔን ከየት አገኘኝ? በል መልስ! መልስ ካጣህ ወረቀትህን እቀደዋለሁ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ ዘበኛው ዞረ።

«እውነትዎን ነው እመቤቴ» አለ ዘበኛው። «እኔን መቆም፣ እርስዎን መቀመጥ ከጎዳን፣ ዶክተሩን ለምን እናስቸግራለን? ከነገ ጀምሮ እርስዎ በሩ ላይ ይቁሙ፣ እኔ ወንበርዎ ላይ ልቀመጥ። ሁለታችንም እንድናለን።»

ወይዘሮ ትርሲት ምን እንደመለሱ የሚያወራው ሁሉ የተለያየ ነው። በኋላ በዚያ በር አልፌ ያረጋገጥኩት ግን ይህን ነው፤ ዘበኛው ተቀምጧል፣ ወንበሩም ጎማ ያለው የአለቃ ወንበር ነው።