ሚዳቋ በጀርባዋ የወሰደችው አፈር

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ትልልቆቹም አትራቁ። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ስሙ በጠፋን በአንድ አገር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ግልገሏን ቁርጠት እየያዘ ያስለቅሰዋል። የቁርጠት መድኃኒቱ ጤና አዳም ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ሰደድ እሳት አገሩን በልቶት፣ ጤና አዳም የቀረው በኤሊ ደጃፍ ብቻ ነበር።

ኤሊ ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠቻት። “እንኪ ልጄ። ብትቀቅይው ለዛሬ ነው፤ ብትተክይው ለሁልጊዜ ነው። አፈሩን ግን ምረጪለት፤ ሥርም እንደኛ ይጠማዋል፣ እንደኛ ይታፈናል።”

“እግዜር ይስጥልኝ እማማ!” ብላ ሚዳቋ ከነፈች።

ከረግረጉ ዳር ከርከሮ ተጋድሞ አገኘችው። “አፈር ፈላጊ ነሽ?” አላት። “ከኔ ጭቃ ወዲያ አፈር የለም! ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ በበጋም አይደርቅ!” አንዱን ተከለች። ሥሩ ታፍኖ በሰበሰ።

ከገደሉ አፋፍ ዝንጀሮ ጠራት። “ከኔ አሸዋ ወዲያ አፈር የለም! ንጹሕ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃ አያቁር!” ሁለተኛውን ተከለች። ያጠጣችው ሁሉ ወደ ታች እየሰረገ ቅርንጫፉ ደረቀ።

አንድ ቀረ። ግልገሉ ደግሞ ጡት መጥባቱን ተወ።

ሚዳቋ ቁጭ ብላ አሰበች። “ጭቃው ውሃ ይዞ ትንፋሽ ይነሳል። አሸዋው ትንፋሽ ሰጥቶ ውሃ ይነሳል። ታዲያ ለምን አላጋባቸውም?”

ሄዳ ብትጠይቅ ከርከሮ ጮኸ፦ “የኔ ጭቃ ከዝንጀሮ ኮረት ጋር? ሞቼ ነው ቆሜ!” ዝንጀሮም ባሰ፦ “የኔ አሸዋ ከከርከሮ እድፍ ጋር? ጥፊ ከዚህ!”

እሷ ግን ተመልሳ ወደ ከርከሮ ሄደች። “አያ ከርከሮ፣ ቆዳህ እንዲህ ያማረው በጭቃው ነው አሉ። እስቲ እኔም ልንከባለልበት?”

“ቆዳዬን አየሽው አይደል? ግቢ፣ ግቢ!”

ጭቃ በጭቃ ሆና ወደ ዝንጀሮ ወጣች። “ጌታው ዝንጀሮ፣ በረደኝ። ፀሐይ ባሞቀው አሸዋህ ላይ ጋደም ልበል?”

“እንዲህ ያለ መኝታ የትም አታገኚም፤ ተኚ!”

አሸዋው በጭቃው ላይ ተለጠፈ። ሚዳቋ ከደጇ ስትደርስ ሰውነቷን አራገፈች፤ ጭቃና አሸዋው ተደባልቆ ዱብ፣ ዱብ አለ። አላፊውን ጎሽ ደግሞ ፍግ ለመነችው። ጎሽ ሳቀ። “ይህንንማ የሚለምነኝ አጥቼ ነው ልጄ! ግን የከረመውን ውሰጂ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።” ሦስቱን አሽታ የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ተከለች።

ቅርንጫፉ ሥር ሰደደ፤ ለመለመ። ግልገሉ የቅጠሉን ጭማቂ ጠጥቶ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ሲቦርቅ ብታየው እናቱ ከደስታዋ የተነሳ አለቀሰች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከርከሮ ከልክ በላይ በልቶ፣ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ መጣ። ሚዳቋ ጭማቂውን አጠጣችው። ሲሻለው እንዲህ አለችው፦

“አያ ከርከሮ፣ ይህን ያበቀለው ያንተ ጭቃ፣ የዝንጀሮ አሸዋና የጎሽ ፍግ ነው። ሳላስፈቅድ በጀርባዬ ወስጄብሃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ልጄን አትርፋችሁልኛልና እግዜር ይስጥልኝ።”

ከርከሮ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ግሳት ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶም “ተመስገን ነው እንጂ ምን እላለሁ?” አለ። “ያንን ዝንጀሮም አመስግኚልኝ።”

እሷም ለዝንጀሮ፣ ለጎሽና ለኤሊ ለምለም ለምለሙን ቆርጣ፣ ከነምስጋናዋ አደረሰች።

ለዚህ ነው ልጆቼ፦ ብቻውን የኮራ አፈር ዘር ይቀብራል፤ የተዛመደ አፈር ነፍስ ያተርፋል የሚባለው።