የማይቀላው ቲማቲም

አንድ ጌጡ የሚባል የቲማቲም ገበሬ ነበር። ማሳው ከገበያ ይርቃል፤ መንገዱም አባጣ ጎርባጣ ነው። ቲማቲሙ ደግሞ ችኩል ነው፤ አንዴ መቅላት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። በአህያ ተጭኖ ገበያ እስኪደርስ ግማሹ ይፈርጣል። ጎረቤቱ ባልቻ ባገኘው ቁጥር «ጌጡ፣ ዛሬም ስጎ ጭነህ ወጣህ?» እያለ ይስቅበታል። ጌጡ አብሮት ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያርራል። ልጆቹን የሚያበላበት ከዚያ ማሳ ሌላ የለውምና።

አንድ ዓመት፣ አዝመራው ካለቀ በኋላ፣ ፍሬዋ ደርሶ ያልቀላ አንዲት ተክል ማሳው ውስጥ አገኘ። ለቅሞ ቤት አስቀመጠው። ፍሬው ሰነበተ፤ አልቀላም፣ አልለሰለሰም፣ አልበሰበሰም። ጌጡ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

«እስቲ መጀመሪያ ቅመሰው» አለችው ሚስቱ አስካለ።

«የማይበላሽ ነገር አግኝቼ ደግሞ ቅምሻ አማረሽ!» አላትና የድሮውን ዘር ለዶሮ በተነው። ማሳውንም በሙሉ በዚያች ተክል ዘር ሸፈነው።

ፍሬው ተንዠረገገ። ጌጡ ቆይቶም ቢሆን ይቀላል ብሎ ጠበቀ፤ ወፍ የለም። ቢቸግረው እንዳለ ጭኖ ወጣ። አንዲት ሸማች ገመጠችና ተፋችው። «ወንድሜ፣ ይኼ ለወጥ ነው ወይስ ለኳስ?» አለችው። ሳይፈርጥ የሄደው ቲማቲም ሳይፈርጥ ተመለሰ። ጌጡ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ።

በማግስቱ ዘር አዋቂ ወደሚባሉ አዛውንት ሄደ።

«አባቴ፣ እንዳይበሰብስብኝ ብዬ ነበር።»

«ልጄ፣ ፍሬን የሚያቀላው፣ የሚያጣፍጠውና የሚያለሰልሰው ከዘሩ የወረሰው ትእዛዝ ነው። በመጨረሻ ለመበስበስ የሚያበቃውም ያው ነው። አንተ አንዱን ስትሸሽ ሁሉንም አጣህ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አጋባቸዋ! የችኩሉን የአበባ ዱቄት የእምቢተኛው አበባ ላይ አድርግ። ልጃቸው ከሁለቱም ይወርሳል፤ ይቀላል፣ ግን አይጣደፍም።»

የችኩሉ ዘር ግን በዶሮዎቹ ሆድ ቀርቷል። ጌጡ እፍረቱን ውጦ ዘር ሊለምን ባልቻ ደጅ ቆመ። ባልቻ ሊስቅ ብሎ ፊቱን ሲያይ ተወው። ከጓሮው ቲማቲም ካስቀመጠው እፍኝ ዘር ሰጠውና «ስጎም ቢሆን እኮ ይበላል፣ ጌጡ» አለው።

ያ ዓመት በዘመድ እርዳታ ታለፈ። ጌጡና አስካለ አበባ ለአበባ እየዞሩ ሁለቱን ዘር አዳቀሉ። የተወለደው ቲማቲም ቀስ ብሎ ቀላ፤ ጠንከር እንዳለም ገበያ ደረሰ። የልጃቸው ዘር ተመልሶ ስለሚለያይ ማዳቀሉ በየዓመቱ ሥራ አለው፤ ደግሞም አልፎ አልፎ የሚፈርጥ አይጠፋም። ጌጡ አሁን አይከፋውም።

የጌጡ ምኞት ክፉ አልነበረም። ስህተቱ መበላሸትን ብቻ ማየቱ ነው። እኛም ልጃችን እንዳይሳሳት ብለን ከሰው እንለየዋለን፤ እንዳንጎዳ ብለን ልባችንን እንዘጋለን። የጠበቅነው ነገር አይበላሽም፤ ለማንም ግን አይጣፍጥም።

እስቲ ያስቡት፤ እርስዎስ እንዳይበላሽ ብለው እንዳይበስል ያደረጉት ማንን ነው?