ጉርሻና ማን ደፍሮ

ዛሬ በእኛ አካባቢ እግሩ ያጠረውን፣ ፀጉሩ ዓይኑን የጋረደበትን የከተማ ውሻ «ጉርሻ» ብለው ሲጠሩት የሰማ እንግዳ የፍቅር ስም ይመስለዋል። ልክ ነው፣ አሁን የፍቅር ስም ነው። ቁመቱ አጥሮ ዓይኑ ነቅቶ የሚውለውን ሰውም «እሱማ ጉርሻ ነው» ካሉት ማመስገናቸው ነውና ቅር ሊለው አይገባም። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ስድቡ ወደ ምስጋና የዞረው በአንድ ቀን ውሎ ሲሆን በዚያው ቀን አንድ ተረትም ተወልዷል። ሰው ተረቱን ይዞ ታሪኩን ስለጣለው፣ እኔ ታሪኩን ላንሳላችሁ።

ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ፣ ጉም ከጓሮው በማይለይ አንድ መንደር ውስጥ አቶ ተገኔ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ደግ ናቸው፣ እጃቸውም አይሰስት። አንዲት ድካም ብቻ ነበረችባቸው፤ «ሰው ምን ይለኛል» የምትባለዋ። ልጃቸው ውድነሽ አዲስ አበባ ስትሠራ ቆይታ ለመዳር ስትመጣ፣ አሠሪዎቿ አገር ሲለቁ የተዉላትን ትንሽ ውሻ በጉያዋ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ከሩቅ ሲያዩት የተጣለ የበግ ለምድ ይመስላል። ውሻነቱ የሚታወቀው ሲራመድ ነው። ጎረቤታቸው አቶ ሽበሺ አገላብጠው አዩትና፣ ይህማ ለጅብ አንድ ጉርሻ ነው፣ ያውም ለመክሰስ፣ አሉ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ጉርሻ ግን ለስሙ ደንታ አልነበረውም። ብርዱ ሲበረታበት ለሰርጉ ከሚደልበው ቡሬ ሰንጋ ጎን ተለጥፎ መተኛት ለመደ። ሰንጋውም ወደደው፤ እንዳይደፈጥጠው እግሩን ሰብስቦ ነበር የሚተኛው። ይህ ሰንጋ እንዲሁ ተራ ከብት አልነበረም። አቶ ተገኔ ከራሳቸው አፍ ነጥቀው ያደለቡት፣ የሰርጉ ክብር በሙሉ ያረፈበት ነው። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ሌላ የሚተካ የለም፤ «ልጁን በሽሮ ዳረ» ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ሊወራባቸው ነው።

የሰርጉን ቀን ለመቁረጥ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ጉርሻ በር ላይ ወጥቶ ጮኸ። የሙሽራው አጎት አቶ ደምሰው ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «አቶ ተገኔ፣ ዘበኛዎን በኪስዎ ይዘውት ነው የሚዞሩት?» ብለው ቀለዱ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ተገኔም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም።

በነጋታው ወደ አቶ ሽበሺ ሄዱ። አቶ ሽበሺ ጥጃ የሚያህል ውሻ አላቸው። በአገሩ ልማድ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና «ማን ደፍሮ» ብለውታል። አቶ ተገኔ፣ አማቾቼ ሲመጡ ደጃፌ ላይ የሚታይ ነገር ይኑርና እንለዋወጥ፣ ብለው ለመኑ። የማን ደፍሮ ሆድ አቶ ሽበሺን ካማረራቸው ቆይቷል። ቢሆንም ልጃቸውን እንደሚሰጥ ሰው ትክዝ ብለው፣ ሁለቴ ተለምነው ተስማሙ። «ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን» ተባብለውም ነገሩን ዘጉ፤ ከእንግዲህ ይህን ጉዳይ የሚያነሳ እሱ ራሱ ውሻ ነው ማለት ነው።

የአቶ ተገኔ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች ልውውጡን ሲሰሙ፣ «ጆሮህን ሰጥተህ ጥርስ ገዛህ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የጥሎሹ ቀን ደረሰ። የሙሽራው ወገን ልብሱንና ጌጡን ይዞ፣ እልል እየተባለለት ዳሱ ውስጥ ገባ። ሁለት ዘመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀላቀል ማን የማን እንደሆነ አይለይም። «አንተ ደግሞ ማነህ?» ብሎ መጠየቅም ትልቅ ነውር ነው፤ የተጠየቀው አማት ቢሆንስ?

ይህን ልማድ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቅ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። አግዳሚ አቀበለ፣ ሽማግሌ ደገፈ፣ ለትልቁም ለትንሹም እጅ ነሳ። ማን ደፍሮ እንኳ ሲያልፍ ጅራቱን ቆላለት። በልቶ ከጠጣ በኋላ ወደ አቶ ተገኔ ጠጋ አለ።

«አባቴ፣ ሰንጋው ውሃ ጠምቶታል። ዛሬ እርስዎ አይድከሙ፤ እኔ ወንዝ አውርጄ ላጠጣልዎ።»

አቶ ተገኔ ደስ አላቸው። ከአማቾቻቸው ወገን መሆኑ ነው። ልጄን የሰጠሁት እንዴት ላለ ጨዋ ቤት ነው እያሉ፣ ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈተው፣ መርቀው አስረከቡት።

ሰንጋው ገና ከበር ሲወጣ ጉርሻ በአቶ ሽበሺ አጥር ሥር ሾልኮ መጣ። መንገዱ መሀል ቆመና ጮኸ። ሰንጋው አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸተተውና እሱም ቆመ። ሰውዬው ገመዱን ሲጎትት ጉርሻ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ተንጠለጠለ። ቢያወናጭፈው አብሮ ይወናጨፋል እንጂ አይለቅም።

አቶ ተገኔ ምድር ብትውጣቸው በወደዱ። እየሮጡ ወጥተው ሰውየውን ይቅርታ ጠየቁት፤ ከተማ ያደገ ነውና ሥርዓት አልተማረም አሉት። ከዚያ ከእንግዶቹ መሀል ወደነበሩት አቶ ሽበሺ ዞረው፣ «ይህን ጉርሻህን ያዝልኝ፤ በአማቾቼ ፊት አዋረደኝ» አሉ።

ወይዘሮ አሰለፈች በጩኸቱ ማማሰያ እንደያዙ ወጡ። ያ ውሻ ሰንጋው ሲወጣና ሲገባ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም። ሰንጋውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፤ ከዚያ ማንም ያልደፈረውን ደፈሩ።

«አቶ ደምሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ልጅ የማን ነው?»

አቶ ደምሰው ግራ ገባቸው።

«የእናንተ አይደለም እንዴ? እኛማ የእናንተ ዘመድ መስሎን ከሽማግሌ መሀል አስቀምጠነው ነበር።»

ሰውዬው የቀረውን አልጠበቀም። ገመዱንም ጋቢውንም ጥሎ ቁልቁል በረረ። ጉርሻ ጋቢውን ተፍቶ እስከ ወንዙ ሸኘው፤ ሲመለስም እያለከለከ ቀጥ ብሎ ከሰንጋው እግር ሥር ተኛ። አቶ ተገኔ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰርጋቸው በገመድ ተስቦ ከደጃቸው ሲወጣ፣ እሳቸው ሳቢውን መርቀው ነበር የሸኙት።

«ሽበሺ፣ ጉርሻዬን መልስልኝ» አሉ።

«ውሾን አነሳህ እኮ።»

«ውሾ ልሁን። አንተ ብቻ ውሻዬን ስጠኝ።»

አቶ ሽበሺ ሳቃቸውን ውጠው ፈቀዱ። ማን ደፍሮንም ቢሆን አሁን አልቀሰቅሰውም፣ ዳሱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ አሉ። ይህን ጊዜ ሁሉም ዞሮ ቢያይ፣ ማን ደፍሮ ከአግዳሚ ሥር በጎኑ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ያ ሁሉ ሰው እየዘለለው ነበር የወጣው የገባው።

አቶ ደምሰው አንዱን ካንዱ እያስተያዩ ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌ ሆነው በመጡ ዕለት በር ላይ በቀለዱበት አፋቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለትንሹ ውሻ እጅ ነሱና «ወይ ጉድ፤ ማን ደፍሮ ሲተኛ፣ ጉርሻ ሆነ ዘበኛ» አሉ።