አገር ያስከፈለው እንቆቅልሽ

አንድ ጊዜ፣ እስቲ የሚያምነኝ ደፋር ካለ ጆሮውን ያቅርብ፣ ሐሳብ የምትሰርቅ እስስት ነበረች። በግ አይደለም የምትሰርቀው፣ እህልም አይደለም፤ ሐሳብ ነው! ዓይን ዓይናችሁን ካየቻችሁ በሆዳችሁ ያሰባችሁት ነገር ሥዕል ሆኖ ቆዳዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሣር ካሰባችሁ ጀርባዋ ላይ ሣር ይበቅላል። «ይቺ ደሞ ምን ዓይነት አስቀያሚ ናት» ብላችሁ ካሰባችሁም የራሷ መልክ ሆዷ ላይ ይወጣና፣ ያኔ አለቀላችሁ።

አላመናችሁም አይደል? ተዉት። የገደል አገር ንጉሥ አያ ጅቦ ግን አምኖ ሰላይ አድርጓት ነበር።

የገደል አገር የጅቦች ናት። ከጎኗ የወይራ አገር አለች። እሷን የሚያስተዳድረው አያ አንበሶ ሲሆን አህያውም በጉም ዝንጀሮውም ቀበሮዋም እዚያ ተከባብረው ይኖራሉ። የወይራ አገር እንስሳት ክረምቱ ሲወጣ ጨው ጨው የሚል ውሃ ሊጠጡ ተሰብስበው ወደ ሆራ ይወርዳሉ። መንገዱ ግን ለሕፃን አይሆንም። ስለዚህ ልጆቻቸውን አንድ ቦታ ደብቀው ነው የሚሄዱት።

ዓምና ልጆቹን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቋቸው። እስስት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ የእናቶቹን ሐሳብ አንድ በአንድ ለቀመች። ቁጥቋጦው ከነእሾሁ ጀርባዋ ላይ ወጣ። አያ ጅቦም ምራቁን እያዝረበረበ ከተፍ አለ። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ብለው ተረፉ፤ የእመት አህዪት ውርንጭላ ግን ግማሽ ጅራቱን እዚያው ጅቡ አፍ ውስጥ ትቶ ነው የመጣው።

ዘንድሮ ልጆቹን ከፏፏቴው ጀርባ፣ ውሃው እንደ መጋረጃ ከሚሸፍነው ጉድጓድ ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ አያ አንበሶ ስብሰባ ጠራ።

«ስሙ!» አለ ጎፈሩን ነስንሶ። «እስስቲቱን ማባረር አይቻልም። ቅጠል ላይ ቅጠል ናት፣ ድንጋይ ላይ ድንጋይ ናት፣ ማን ያያታል? ስለዚህ አዋጅ አውጥቻለሁ። ሆራ ደርሰን እስክንመለስ ማንም ስለ ፏፏቴው እንዳያስብ!»

ይህን እንዳለ ሁሉም ስለ ፏፏቴው አሰበ። በጉ አፍንጫው የረጠበ መሰለው። ዝንጀሮው ጆሮውን ያዘና «ኧረ ሿሿታው አሁንም ይሰማኛል!» ብሎ ጮኸ።

«አታስቡ አልኩ!» አለ አያ አንበሶ። እሱ ራሱ ግን ውሃ ውስጥ እንደገባ ድመት እግሩን እያራገፈ ነበር።

እመት አህዪት እንባዋ መጣ። «ጌታዬ፣ እኔ እናት ነኝ። ልጄን ያስቀመጥኩበትን እንዴት አድርጌ ነው የማላስበው? ዓምና ጅራቱን ነው የበሉት። ዘንድሮ ራሱን ቢበሉትስ?»

ከኋላ ኪኪኪ የሚል ሳቅ ተሰማ። ቀበሮዋ ናት። ይቺ ቀበሮ ተንኮል ካልሠራች ምሳ የማይወርድላት ዓይነት ናት።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» አለ አያ አንበሶ።

«ጌታዬ፣ አይቆጡኝ። ጭንቅላት እኮ በር የለውም፣ በምን ይቆለፋል? መሙላት ግን ይቻላል። ጢም ብሎ የሞላ ቤት ሌባም አያስገባም።»

«በምን ይሞላል?»

ቀበሮዋ ድንጋይ ላይ ወጣች። «እንቆቅልሽ!»

ልማድ ነውና አገሩ በሙሉ ሳያስበው «ምን አውቅልሽ!» አለ።

«ስትራመድ ትተኛለች፣ ስትተኛ ትሮጣለች። ዝናብ ያደርቃታል፣ ፀሐይ ያረጥባታል። ጅራቷ ከፊት፣ አፏ ከኋላ። ማን ናት?»

«ጥላ ናት!» አለ በጉ።

«ጥላ አፍ አላት እንዴ? ያንተ ጥላ ሣር ይበላል?»

«አማቴ ናት!» አለ ዝንጀሮው።

«እሷስ ትቀርባለች፤ ግን አይደለችም።»

«እሺ ማን ናት? ንገሪና!» አለ አያ አንበሶ፣ ንጉሥነቱን ረስቶ።

«ከሆራ ስንመለስ እናወራለን» አለችና ቀበሮዋ መንገድ ጀመረች።

ወይኔ ጉዳቸው! ያልተፈታ እንቆቅልሽ ይዞ መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ማለት ነው። አንዱ «እንጀራ ናት» ይላል፣ ሌላው «ዞር በል፣ አሁን ላገኘው ነበር» ብሎ ይጣላዋል።

እስስት ከመንገዱ ዳር ዋንዛ ላይ ተለጥፋ ትጠብቃቸዋለች። በጉ ሲያልፍ አየችው። ጀርባዋ ላይ የሚተኛ መንገደኛ ወጣ። «ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አለች። ዝንጀሮውን አየችው፤ ሆዷ ላይ አንዲት የተቆጣች አማት ወጣች። «ኧረ በስመአብ!»

ከዚያ እመት አህዪት መጣች። እናት ናትና ልቧ ወደ ኋላ ቀርቷል። እስስት ዓይኗን አፈጠጠችባት። ቀስ እያለ ጅራቷ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ። ውሃ! ውሃው ወደ ጀርባዋ መፍሰስ ጀመረ። እስስት በደስታ ምላሷን አወጣች። ትንሽ ቢቀር፣ ትንሽ ብቻ፣ ጉድጓዱም ልጆቹም ሊታዩ ነው።

እመት አህዪት ግን ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። «ቆይ እንጂ! ጅራቷ ከፊት ከሆነ ከኋላዋ የሚነክሳትን ዝንብ በምን ታባርራለች?»

የጅራትን ነገር ከእሷ በላይ ማን ያስባል? ውሃው ጥፍት አለ። በምትኩ እስስት ጀርባ ላይ፣ አፍንጫዋ ላይ ጅራት የበቀለባት አህያ ተሳለች።

መንገደኞቹ የቀበሮዋን ጥያቄ እየደጋገሙ ሲከራከሩ ስትሰማ እስስትም አሁን እልህ ያዛት። «ለመሆኑ ማን ናት?» ፏፏቴውንም አያ ጅቦንም ረሳች። መልሱን ፍለጋ የሚያልፈውን ሁሉ ጭንቅላት በረበረች። መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ያመጣችውን ቀበሮ አገኘች፤ ዓይኗን አፍጥጣ ውስጧ ገባች። ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ቀረ። ምንም የለም! ቀበሮዋ ራስ ውስጥ ከሳቅ በስተቀር ባዶ ነው።

እስስት ወደ ገደል አገር ስትመለስ ገላዋ ዥንጉርጉር ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጆቹ የት ናቸው?» አለ አያ ጅቦ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

«ጌታዬ፣ ስትራመድ የምትተኛ፣ ስትተኛ የምትሮጥ ማን ናት?»

«የምን መተኛት ነው? ሥጋው የት ነው ነው ያልኩሽ!»

«ዝናብ ያደርቃታል፣ ፀሐይ ያረጥባታል…»

አያ ጅቦ ጥርሱን መፋቅ አቆመ። «አጥንት ናት» አለ።

«አጥንት ጅራት የላትም።»

«የበሬ አጥንት?»

«ጌታዬ!»

ይኸው ነው፣ ተያዘ። ጭፍሮቹም ተያዙ። ለአደን የተዘጋጀው ሠራዊት ክብ ሠርቶ ተቀመጠና መከራከር ጀመረ። «ቅልጥም ናት!» «ሻኛ ናት!» ሥጋ ያልሆነ መልስ የሰጠ አንድ ጅብ እንኳ የለም። እነሱ እንዲህ ሲጨቃጨቁ የወይራ አገር እንስሳት ሆራቸውን ጠጥተው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ተመለሱ። ውርንጭላውም ከፏፏቴው ጀርባ በግማሽ ጅራቱ እየተወዛወዘ ወጥቶ እናቱ ጡት ሥር ተወሸቀ።

በማግስቱ አያ ጅቦ እስስትን ጀርባው ላይ አስቀምጦ፣ ጭፍሮቹን አስከትሎ ድንበር ላይ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከስቷል።

«አንቺ ቀበሮ! መልሱን ንገሪን!»

«አያ ጅቦ፣ እንዴት አደርክ? ከስተህ የለ እንዴ?»

«ንገሪን አልኩሽ!»

«የጨዋታው ሕግ ይታወቃል። ያላወቀ አገር ይሰጣል። አገር ስጠኝ!»

እስስት ጆሮው ሥር ገባችና «ጌታዬ፣ ተጠንቀቁ። ጭንቅላቷን አይቼዋለሁ፤ መልሱ እዚያ የለም» አለችው።

«ደብቃዋ ነዋ!» አለ አያ ጅቦ። «ዋጋ ያለው ነገር ባይሆን ትደብቀው ነበር? ተይኝ አንቺ!» ከዚያ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። «እሺ፣ የወይራን አገር ሰጠሁሽ።»

«እሱማ የእኛ ነው። የራስህን እንጂ የሰው አገር ማን ስጥ አለህ?»

«ከባሕር ማዶ ያለውን አገር ሰጠሁሽ።»

«ዋና አልችልም።»

አያ ጅቦ መሬቱን በጥፍሩ ጫረ። ተቁነጠነጠ። መልሱን ያሰበ እንደሆነ ምራቁ ይሞላል፤ ቅልጥም ብትሆንስ? መጨረሻ ላይ አልቻለም። «የገደል አገርን ሰጠሁሽ! ከነገደሉ፣ ከነዋሻው! በቃ!»

«ሁላችሁም ሰምታችኋል?» አለች ቀበሮዋ።

«ሰምተናል!» አለ የወይራ አገር። የጅብ ጭፍሮችም ለመልሱ ቸኩለው «ሰምተናል፣ ሰምተናል!» አሉ።

«እንግዲህ የገደል አገር ገብቼ ምን አጥቼ! ገደሉ መንሸራተቻዬ፣ ዋሻው ማረፊያዬ! አገሩን በእንቆቅልሽ የሸጠ ንጉሥ ደግሞ ጆሮው ይርገፍ!»

«እሺ ይርገፍ! መልሱስ?»

ቀበሮዋ ጠጋ አለችው። «መልሱማ…»

ጅቦቹ በሙሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«…እኔም አላውቀውም።»

«ምን?»

«አላውቀውም። ዝም ብዬ የመጣልኝን ነው የደረደርኩት። ካገኛችሁት ንገሩኝ፣ እኔም ጓጉቻለሁ።»

«ይሄ ማጭበርበር ነው!» አለ አያ ጅቦ።

«ታዲያ የራሳችሁ ሰላይ አይታ ነግራህ የለ እንዴ? ጭንቅላቴን ሳታስፈቅዱ በረበራችሁ፤ ያገኛችሁትን ባዶ ካላመናችሁ እኔ ምን ላድርግ?»

አያ ጅቦ ወደ እስስት ዞረ። እሷ ግን ወርዳ፣ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ጋር ድንጋይ ሆናለች። አያ አንበሶ ደግሞ ጎሮሮውን ጠረገና «ሕግ ሕግ ነው» አለ። ጎሮሮ የሚጠርግ አንበሳን ማን ይከራከራል? ጅቦቹ እየተነጫነጩ በረሃ ወረዱ። የገደል አገር ዛሬ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ውርንጭላው በአያ ጅቦ ዙፋን ላይ ተገላብጦ ጀርባውን ያክካል።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰውን ሚስጥር ለመስረቅ የሚጎመጅ ባዶ ቤት ሲያገኝ እንኳ «ደብቀውብኝ ነው» እያለ የገዛ ቤቱን እንደሚያጣ ነው።

በሉ ይሄን ተረት ላልሰማው ንገሩት፤ መልሱን እሱ ከጠየቃችሁ ግን መጀመሪያ አገር ተቀበሉ።