የሚያዝያው ዝናብና የጋሽ ሽብሩ ጉድጓድ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ምንጃር ውስጥ፣ በእኛ መንደር ግን ለእንዲህ ያለው ነገር የራሳችን ተረት አለን። ልጆቻችን ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይተርቱታል፤ አንዳንዱም ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ያስመስለዋል። እንዲያ አይደለም። እኔ ሲወለድ ነበርኩ፤ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ባልዲ ስሞላ ነው የሰማሁት።

አገራችን ጤፉ ያማረ፣ ውሃው የራቀ ነው። ወንዙ ቆላ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ከጣራው ጠርዝ አሸንዳ ይሰቅላል፤ ከአሸንዳው የሚወርደውን ዝናብ በቱቦ አድርጎ በሲሚንቶ ወደተለሰነ ጉድጓድ ያስገባል፤ የክረምቱንም ውሃ እያብቃቃ እስከ ግንቦት ይጠጣል። ቱቦው ጫፉ ላይ በእጅ የሚዞር ክርን አለው። ወደ ውስጥ ሲያዞሩት ዝናቡ ጉድጓድ ይገባል፣ ወደ ውጭ ሲያዞሩት ደጅ ይፈሳል። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነው።

ጋሽ ሽብሩ በመንደሩ ትልቁ ጉድጓድ ያለው ሰው ነበር። በእጁ ለጋስ፣ በጆሮው ግን ትንሽ ስስታም ነው። በዚያ ዓመት ልጁን ትርንጎን ለግንቦት ሊድር ቀን ቆርጧል። ሚስቱ ውድነሽ ረጅም እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ነክራ ብትለካ ውሃው ከወገብ በላይ ሆነ። ለጠላውም፣ ለወጡም፣ ለእንግዳው እጅ መታጠቢያም እንደሚበቃ ነገረችው። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። የሙሽራው ወገን ሁለት መቶ ሰው ነው የተባለው፤ ሁለት መቶ የተባለ እንግዳ ደግሞ ሦስት መቶ ሆኖ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። በልጁ ሠርግ ላይ «ጠላ አለቀ፣ ውሃ አለቀ» ከተባለ ከእንግዲህ በሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የሚያዝያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ያ ጣራ ከመስከረም ወዲህ ጠብታ አላየም። የጤፍ ውቂያው እብቅና አቧራ እላዩ ላይ ተጋግሯል፤ አሸንዳው ውስጥ እርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ውድነሽ መሰላል አቁሞ እንዲጠርገው ሦስት ጊዜ ለምናዋለች፤ እሱም ሦስቱንም ጊዜ «ለክረምቱ ይደርሳል» ብሏታል።

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታው ጋሽ ሽብሩ ሮጦ ክርኑን ወደ ጉድጓዱ አዞረ። በአጥሩ ማዶ እማማ ብርቄ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በመንደሩ ከሁሉም ቀድመው ጉድጓድ ያስቆፈሩ አሮጊት ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው የራሳቸውን ቱቦ ወደ ውጭ ያዞራሉ።

«ሽብሩ፣ ወደ ደጅ አዙረው» አሉት። «ጣራህ አልታጠበም፤ የመጀመሪያው ውሃ የጣራው ድርሻ ነው። ሲጠራ ትመልሰዋለህ።»

«እማማ፣ ሰው ለውሃ ቆላ እየወረደ፣ እኔ እግዜር የሰጠኝን ደጅ ላፍስሰው? ግፍ አይሆንብኝም?»

«ጉድጓድ ውስጥ ያለው ንጹሑስ አያሳዝንህም?»

«ቢደፈርስም ይጠልላል» አለ።

እሳቸው ከቱቧቸው የሚወርደውን ውሃ በመዳፋቸው እየተቀበሉ ያዩ ጀመር። መጀመሪያ እንደ እህል እጣቢ ጠቁሮ ወረደ፤ ቆይቶ ቀጠነ፤ በመጨረሻ ጠራ። ያኔ ክርናቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ዝናቡም ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ዘነበ። ጋሽ ሽብሩ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ፣ ውሃው ስንዝር በስንዝር ከፍ ሲል እያየ ፊቱ በርቶ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ትርንጎ ለጠላው ጥንስስ ውሃ ልትቀዳ ባልዲዋን ጣለች። ያወጣችው ውሃ ሻይ መስሏል፤ ላዩ ላይ ላባ ተንሳፍፏል፤ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። ልጅቱ ባልዲውን እናቷ እግር ሥር አስቀምጣ አለቀሰች። ውድነሽም ይህን ውሃ ጌሾዬ ላይ አላፈስም አለች። ጋሽ ሽብሩ ግን የቆርቆሮ ጣዕም ነው እንጂ ምንም የለበትም ብሎ ተከራከረ። ሊያሳምነንም፣ እኛ ጎረቤቶቹ እያየነው፣ በትልቅ ጣሳ ሞልቶ ጠጣና አፉን ጠርጎ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሮ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ፊቱ ገርጥቶ፣ እኔን አስከትሎ እማማ ብርቄ ዘንድ ሄደ። እንደዚያ አፍሮ አይቼው አላውቅም።

«እማማ፣ ልጄን በምን ልዳራት? ቀኑን ልግፋው?»

«ቀኑ አይገፋም» አሉት። «የኔ ጉድጓድ ለጠላውም ለወጡም ይበቃል፤ ውሰዱ። አንተ ግን ያንተን እስከ ወለሉ ደፍተህ፣ ፍቀህ፣ አሸንዳህን ጠርገህ ታሳየኛለህ።»

«ሁሉን ልድፋው?»

«ሁሉን።»

ሠርጉስ በቀኑ ተሠረገ። እንግዳው እንደተፈራው ሦስት መቶ ሆኖ መጣ፤ በእማማ ብርቄ ውሃ የተጠመቀውን ጠላ ጠጥቶ፣ ጠላው ተርፎ ለመልሱም ሆነ። ተረቱ የተወለደው ግን ከዚያ በፊት፣ ውሃውን በደፋንበት ሐሙስ ነው።

ስድስት ሆነን ደፋነው። እኔ ከውስጥ ባልዲ እሞላለሁ፣ ሌሎቹ በገመድ ይስባሉ። መጀመሪያ ያወጣነውን ለሽንኩርት ችግኙ አጠጣነው። ችግኙ ሲጠግብ የሚቀበል ጠፋ፤ ውሃው በበሩ ወጥቶ መንገዱን ይዞ ወረደ። ወለሉ ሲታይ የእርግብ ጎጆ ከሞቱ ጫጩቶች ጋር አገኘሁና በአካፋ ወደ ላይ አቀበልኩ። ጋሽ ሽብሩ ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ መሰላሉን አቁሞ አሸንዳውን ሊጠርግ ወጣ። እኔን አሳዘነኝ። ሰውዬው ክፉም ሰነፍም አልነበረም፤ የልጁ ሠርግ አስፈርቶት ነው።

ይህን ጊዜ፣ ላይ የነበሩት በኋላ እንደነገሩኝ፣ አንዲት የሌላ መንደር ሴት በሁለት አህያ ጀሪካን ጭና ከቆላ ስትመጣ ጋሽ ሽብሩ ደጅ ደረሰች። ውሃው መንገድ ለመንገድ ሲፈስ አይታ ቀጥ አለች። አህዮቿ ሊጠጡ አጎነበሱና አሽትተው ተዉት። እሷ ከንጋት ጀምሮ ስትለፋ የዋለችበትን ነገር ሰው በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ ስታይ እንባዋ መጣ።

«እናቴ፣ ይኸ ሰው ምን ነክቶት ነው ይህን ሁሉ ውሃ የሚደፋው?» ብላ በሩ ላይ ቆመው ሥራውን የሚያዩትን እማማ ብርቄን ጠየቀቻቸው።

እማማ ብርቄ ወደ መሰላሉ ቀና ብለው ጋሽ ሽብሩ መስማቱን አዩና፣ ለእሱም ለእሷም እንዲሆን አድርገው፣ «ለጣራው ያልቆረሰ፣ ጉድጓዱን አፈሰሰ» አሏት።